እንቁላል መቀቀል በአዲስ አበባ ከፍታ፦ ከፍልሰታ ፍቺ እስከ እንቁጣጣሽ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

የፍልሰታ ጾም አብቅቷል፤ በዓሉ ትናንት ዓርብ ስለዋለ ግን በቤታችን የተፈሰከው ዛሬ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እስከ እንቁጣጣሽ ባሉት የፍስክ ቀናት አንድ ሥራ ይዣለሁ፤ ይኸውም በዚህ ማድ ቤት፣ በዚህ ምድጃና በዚህ ከተማ ከፍታ ላይ እንቁላል በትክክል ተቀቅሎ እንዲወጣ ስንት ደቂቃ እንደሚያስፈልገው በሰዓት ለክቶ በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው።

ሥራውን አጣዳፊ ያደረገው የቀኑ አዋዋል ነው። ዘንድሮ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ረቡዕ ነው። የበዓሉ ዶሮ ወጥ የሚሠራው በዋዜማው በመሆኑ፣ ከ12ቱ የዶሮ ብልቶች ጋር ወጡ ውስጥ የሚገቡት 12 እንቁላሎች የሚቀቀሉት በጾም ቀን ነው፤ በጾም ቀን ደግሞ በስሏል አልበሰለም ብሎ መቅመስ የለም። አንድ ትርፍ ቀቅሎ፣ ቆርጦ ማየት እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ነገር ግን ያ የሚናገረው ስለ ራሱ ብቻ ነው፤ እርሱ ተቆርጦ በሚታይበት ጊዜ ሌሎቹ ከውሃው ወጥተው ቀዝቅዘዋልና። ስለዚህ አስቀድሞ የተፈተነና የሚታመን ሰዓት ያስፈልገናል።

መሣሪያዎቼ አንድ የማድ ቤት ዲጂታል ሚዛን፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ የስልኬ ሰዓት፣ ክዳን ያለው ድስትና የኤሌክትሪክ ምድጃ ናቸው። በመጀመሪያ ቴርሞሜትሩን በበረዶና በውሃ ድብልቅ ውስጥ አስቀምጬ ዜሮ ላይ መቆሙን አረጋገጥሁ፤ ቀጥሎም ውሃ አፍልቼ ለካሁ። ውሃው እየተንፈቀፈቀ 92 ዲግሪ ላይ ቆመ። ምድጃውን የመጨረሻ ከፍ አድርጌ ጠበቅሁ፤ መንፈቅፈቁ ጨመረ እንጂ ሙቀቱ ከ92 አላለፈም።

ይህ ቁጥር የዚህ ማስታወሻ ሁሉ መሠረት ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ነው፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ የመፍያው ሙቀትም በየ300 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። በዚሁ ስሌት አዳማ ወይም ባሕር ዳር የሚፈላ ውሃ ወደ 94፣ ድሬዳዋ ወደ 96 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። በባሕር ዳርቻ አገሮች የተጻፈ የማብሰያ ሰዓት እዚህ ሲደርስ የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ምድጃው ደካማ ስለሆነ አይደለም።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ሁለት ዓይነት እንቁላል ገዛሁ፤ የሐበሻና የፈረንጅ። ከሚዛን ላይ ሲወጡ ልዩነታቸው ካሰብሁት በላይ ሆኖ አገኘሁት። የፈረንጁ እንቁላል ሁሉም 60 ግራም አካባቢ ሲሆኑ የሐበሻው ከ38 እስከ 46 ግራም ይለያያል፤ መካከለኛው 42 ነው። አንድ ድስት ውስጥ አብሮ ጨምሮ በአንድ ሰዓት ማውጣት ማለት፣ ገና ሥራው ሳይጀመር አንዱን ማሳረር ወይም ሌላውን ጥሬ ማስቀረት ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ እፈትናለሁ፤ በእያንዳንዱ ቅርፊት ላይም ክብደቱንና የተገዛበትን ቀን በእርሳስ ጽፌያለሁ።

ዕድሜያቸውንም በውሃ ፈትኛለሁ። በቅርቡ የተጣለ እንቁላል ከጎድጓዳ ሳህን ግርጌ በጎኑ ተጋድሞ ይቀመጣል፤ የቆየው በሰፊው ጫፉ ወደ ላይ ቀና ይላል፤ በጣም የቆየው ይንሳፈፋል። በሰፊው ጫፍ በኩል ያለው የአየር ክፍተት፣ እርጥበቱ በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየወጣ በሄደ ቁጥር ስለሚሰፋ ነው። ከገዛኋቸው መካከል የተንሳፈፈ አልነበረም፤ ሆኖም ከፊሎቹ በደንብ ቀና ብለው ስለቆሙ ለብቻ አስቀመጥኋቸው።

የሐበሻው እንቁላል አፈርና ላባ ያልተለየው ቢሆንም ዛሬ አላጠብሁትም። በቅርፊቱ ላይ ቀዳዳዎቹን የሚዘጋ ስስ የተፈጥሮ ሽፋን አለ፤ ታጥቦ የተቀመጠ እንቁላል ይህን ሽፋን ስለሚያጣ ጀርም በቀላሉ ይገባዋል። መታጠብ ያለበት ወደ ድስት ሊገባ ሲል ነው።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

የዛሬው ጥያቄ እንቁላሉ በቀዝቃዛ ውሃ ተጥዶ አብሮ ይፍላ ወይስ በፈላ ውሃ ውስጥ ይግባ የሚል ነበር። በቤታችን የኖረው ልማድ የመጀመሪያው ነው። ከአንድ ዕለት ግዢ የተወሰዱ፣ ክብደታቸው የተቀራረበ የፈረንጅ እንቁላሎችን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን በቀዝቃዛ ውሃ ጣድሁ፤ ሌላውን ግማሽ በጭልፋ እያወረድሁ በሚፈላ ውሃ ውስጥ አስቀመጥሁ። ሁለቱም ከወጡ በኋላ እኩል ጊዜ በበረዶ ውሃ ቆዩ።

ልዩነቱ ሲላጡ ታየ። ከቀዝቃዛ ውሃ የተነሡት ቅርፊታቸው በትናንሽ ስብርባሪ ነበር የሚነሣው፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ነጩን አጥብቆ ስለያዘ፣ አብሮት ቁራጭ ነጭ እየተገነጠለ የእንቁላሉ ገጽ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆነ። ወደ ፈላ ውሃ የገቡት ግን አንድ ጊዜ ከተሰነጠቁ በኋላ ቅርፊቱ ከነሽፋኑ በሰፋፊው ተነሣ፤ ሥሩ ያለው ነጭ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነበር። ይህ በአንዱ ታይቶ በሌላው የቀረ አልነበረም።

ምክንያቱ የነጩ ፕሮቲን የሚረጋበት ፍጥነት ነው። ውሃው በዝግታ ሲሞቅ ነጩም በዝግታ እየረጋ ከሽፋኑ ጋር ይያያዛል፤ ድንገት ከብርቱ ሙቀት ጋር ሲገናኝ ግን ውጫዊው ክፍል ወዲያው ረግቶ ይሰበሰብና ከሽፋኑ ይለያል። ለዶሮ ወጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በትሪ ላይ ለእንግዳ የሚቀርበው እንቁላል ሙሉና ያልተጎረደ መሆን አለበት፤ የተቦጫጨቀ እንቁላል አስኳሉ ወደ ቁሌቱ ወጥቶ የወጡን መልክ ያደበዝዛል።

የፈላ ውሃ የሚያመጣው አንድ ችግር መሰንጠቅ ነው። ይህም የሚቀንሰው ምድጃውን በማብረድ ነው፤ ውሃው ቢንፈቀፈቅም በዝግታ ቢፈላም ሙቀቱ ያው 92 ስለሆነ፣ እንቁላሎቹን እርስ በርስ ከሚያጋጭ ብርቱ አፈላል የሚገኝ ትርፍ የለም። እንቁላሎቹን አውርዶ፣ ውሃው ተመልሶ እስኪፈላ ምድጃውን ከፍ አድርጎ መቆየት፣ ከዚያም ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ በክፍሉ ሙቀት ማቆየት ይጠቅማል። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ፈተና በፈላ ውሃ ይጀምራል፤ ሰዓቱም የሚቆጠረው እንቁላሉ ውሃ ከነካበት ቅጽበት ነው።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

የፈረንጅ እንቁላል፣ 60 ግራም፣ የክፍሉ ሙቀት 18 ዲግሪ፣ ውሃው 2 ሊትር። እንቁላሎቹን በአንድ ጊዜ አስገብቼ በተለያየ ደቂቃ እያወጣሁ ወዲያው ወደ በረዶ ውሃ ከተትኋቸው፤ ከቀዘቀዙ በኋላ በስለታም ቢላ በቁመታቸው ከፍዬ በነጭ ሳህን ላይ በተርታ ደረደርኋቸው።

በ8 ደቂቃ የወጣው ነጩ ውጭው ረግቷል፤ አስኳሉን የከበበው ክፍል ግን ገና ይርገበገባል፤ መሐሉም ይፈሳል። የ10 ደቂቃው ነጩ ሙሉ በሙሉ በስሎ አስኳሉ እንደ ወፍራም ማር ሆኗል። በ12 ደቂቃ የአስኳሉ ዳር ዳሩ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ ጸንቷል፤ መሐሉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጠቆር ያለችና ርጥበት ያላት ክብ ቀርታለች። በ14 ደቂቃ ያቺ ክብ ጠፍታ አስኳሉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሆኗል፤ ሆኖም ቢላው ላይ አይፈረፈርም፤ ቀለሙም ብሩህ ነው። የ17 ደቂቃው ግን ሲቆረጥ እንደ ዱቄት ፈርሷል፤ በአስኳሉና በነጩ መካከልም ግራጫ አረንጓዴ ቀለበት ጀምሯል።

ለእኛ ቤት የሚሆነው ጠንካራ ቅቅል የ14ቱ ነው። ሕፃናትና አረጋውያን በሚበሉበት ገበታ ላይ አስኳሉ የጸና መሆን ስላለበት ከዚህ ወርዶ የሚፈስ አስኳል ማቅረብ አይገባም፤ የሳልሞኔላ ባክቴሪያ አስተማማኝ በሆነ መንገድ የሚጠፋው ነጩም አስኳሉም ሲጸኑ ነው።

ማታ ዱባይ የምትሠራው እህቴ ደወለች። ስለዚህ ሥራ ስነግራት፣ «ኧረ 14 ምን ያደርጋል? እኔ እዚህ በ11 ደቂቃ ነው የማወጣው፤ አንድም ቀን ጥሬ ሆኖብኝ አያውቅም» አለች። ትክክል ናት፤ ዱባይ በባሕር ጠለል ላይ ናት። አስኳሉ የሚጸናው ወደ 70 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ በእርሷ ድስት ውስጥ ውሃው ከዚህ በ30 ዲግሪ ሲበልጥ፣ በእኔ ድስት ውስጥ የሚበልጠው በ22 ብቻ ነው። ሙቀትን ወደ እንቁላሉ መሐል የሚገፋው ይህ ልዩነት በመሆኑ፣ 8 ዲግሪ ማጣት 3 ደቂቃ ያህል ያስከፍላል። አሜሪካ ወይም ገልፍ ቆይተው የሚመለሱ ሰዎች እዚያ በለመዱት ሰዓት ቀቅለው አስኳሉ ሲፈስባቸው እንቁላሉን ይጠረጥራሉ፤ እንቁላሉ ግን ምንም አልሆነም።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ትናንት ረቡዕ ስለነበረ ሥራው አርፎ ነበር። ዛሬ የሐበሻው ተራ ነው፤ 42 ግራም የሆኑትን መረጥሁ።

ከመጀመሬ በፊት በወረቀት ላይ ገመትሁ። የመብሰያው ጊዜ ከክብደቱ ጋር እኩል አይቀንስም፤ ሙቀቱ ከውጭ ወደ መሐል የሚሄደውን ርቀት ስለሚከተል፣ ክብደቱ በ30 ከመቶ ሲቀንስ ጊዜው የሚቀንሰው በ20 ከመቶ ያህል ነው። የፈረንጁ 14 ከሆነ የሐበሻው 11 መሆን አለበት።

ቢላው ግምቱን ደገፈ። በ9 ደቂቃ የወጣው መሐሉ ላይ ያቺን ርጥብ ክብ ይዟል፤ በ11 ደቂቃ የወጣው ከዳር እስከ ዳር ጸንቷል፤ በ13 ደቂቃ ቀለበቱ ብቅ ብሏል። የአስኳሉ ቀለም ግን ከፈረንጁ ጋር አይነጻጸርም፤ ጠለቅ ያለ፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ ነው። ይህም ዶሮዋ ግቢ ለግቢ እየጫረች ከምትለቅመው ቅጠላ ቅጠል የሚመጣ ቀለም ነው። ከነጩ አንጻር ሲታይም አስኳሉ ሰፊ ቦታ ይይዛል። እናቴ ለበዓል ከሐበሻ እንቁላል ሌላ የማትቀበለው ለዚህ ነው፤ እኔም ዛሬ ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳየው ዋጋው መክበዱን ረሳሁት።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ጎረቤታችን እማማ ዛሬ ጠዋት የተጣለ፣ ገና ሙቀቱ ያልለቀቀ እንቁላል ላኩልን። እናቴ አይታ፣ «ልጄ፣ ይሄ ለቅቅል አይሆንም፤ ይረፍ። ዛሬ ከፈለግህ ጥበሰው» አለች። የተናገረችውን መፈተን ስለነበረብኝ ከፊሉን ዛሬውኑ ቀቀልሁ፤ አጠገቡ ደግሞ ባለፈው እሑድ በሳህን ውሃ ውስጥ ቀና ብለው ከቆሙት ጨመርሁበት።

እናቴ እንዳለችው ሆነ። የዛሬው እንቁላል በፈላ ውሃ ገብቶ እንኳ እየተቦጫጨቀ ነው የተላጠው፤ የቆየው ግን በሁለት ሦስት ጉተታ ቅርፊቱን ጣለ። በአዲስ እንቁላል ነጭ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ፤ ጥሬውን ስንሰብረው ነጩ ደመና መስሎ የሚታየውም በእርሱ ነው። ይህ ጋዝ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ቀስ በቀስ ሲወጣ የነጩ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) ከ7.6 አካባቢ ተነሥቶ ከ9 በላይ ይደርሳል፤ በዚያን ጊዜ ነጩ ሲረጋ ከሽፋኑ ጋር አይጣበቅም። እንቁላሉ ይረፍ የሚለው የእናቶች አነጋገር ይህንኑ ሂደት ጊዜ መስጠት ነው።

ነገር ግን ማሳረፍ የራሱ ዋጋ አለው፤ ይህንም በሳህኑ ላይ በግልጽ አየሁት። አረንጓዴው ቀለበት የሚፈጠረው ከነጩ የሚወጣው የድኝ ጋዝ ከአስኳሉ ብረት ጋር ሲዋሐድ ነው፤ ነጩ የቆየና ፒኤቹ ከፍ ያለ ሲሆን ደግሞ ጋዙ ይበልጥ ይወጣል። እኩል ደቂቃ ከቆዩት መካከል ቀለበቱ ፈጥኖ የታየው በቆየው እንቁላል ላይ ነበር። አስኳሉም ከመሐል ሸሽቶ ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ ተገኘ፤ ምክንያቱም ነጩ ሲያረጅ ስለሚቀጥን አስኳሉን መሐል ላይ መያዝ አይችልም። እንዲህ ያለው እንቁላል በአንድ ወገን ነጩ እንደ ወረቀት ስለሚሳሳ ወጥ ውስጥ ሊቀደድ ይችላል።

ስለዚህ ለበዓሉ የምፈልገው በጣም አዲስም በጣም የቆየም አይደለም። ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ያረፈ፣ ውሃ ውስጥ ሰፊው ጫፉ በጥቂቱ ብቻ ቀና የሚል እንቁላል ይሻላል። የዋዜማውን እንቁላል ገበያው ከመወደዱ በፊት፣ በመጪው ሳምንት መግዛት አለብኝ።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ውሃው ውስጥ ስለሚጨመሩ ነገሮች በአጭሩ። ጨው፦ በሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው የመፍያውን ሙቀት ከግማሽ ዲግሪ በታች ነው የሚያነሣው፤ ከፍታው የወሰደብንን አይመልስም፤ ለመላጥም ያመጣው ለውጥ አልታየኝም። ኮምጣጤ፦ ቅርፊቱ ከተሰነጠቀ የሚወጣውን ነጭ ቶሎ ስለሚያረጋው ውሃው አይበላሽም፤ ከዚያ ያለፈ ጥቅም አላየሁበትም። ቤኪንግ ሶዳ፦ ለአዲስ እንቁላል መላጥ ጥቂት ረዳ፤ ሽታው ግን ስለበረታ ለወጥ አልመኘውም። ሰፊውን ጫፍ በመርፌ መብሳት፦ አየሩ በአረፋ መልክ ሲወጣ ይታያል፤ የመሰንጠቅ ነገር ግን ከተበሳውም ካልተበሳውም አልጠፋም። ሁሉንም ተውኋቸው።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

እስካሁን የፈተንሁት በጥቂት እንቁላል ነው። በዋዜማው ግን 12 በአንድ ጊዜ ስለሚገቡ፣ ይህ በራሱ ሰዓቱን ሊያፋልስ እንደሚችል ሳስብ ቆይቻለሁ። ዛሬ 12ቱን የፈረንጅ እንቁላል በ3 ሊትር የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምሬ ቴርሞሜትሩን ተመለከትሁ፤ ከ92 ወደ 81 ዲግሪ ወረደና ተመልሶ እስኪፈላ ብዙ ጊዜ ወሰደ። በ14 ደቂቃ ሲወጡ የአስኳላቸው መሐል ገና ርጥብ ነበር። ውሃውን በጣም ማብዛት አንዱ መፍትሔ ነው፤ ሆኖም ያን ያህል ውሃ ለማፍላት የሚባክነው መብራትና ጊዜ ያሳዝናል።

ሌላው መፍትሔ እንፋሎት ነው። ሰፊ ድስት ግርጌ ሁለት ጣት ከፍታ ያለው ውሃ አፍልቼ፣ ቀዳዳ ያለው የብረት ማጥለያ ከላዩ አስቀምጬ፣ እንቁላሎቹን በአንድ ረድፍ ደርድሬ ከደንሁ። ውሃው ጥቂት በመሆኑና እንቁላሉም ስለማይነካው መፍላቱ ብዙም አይቋረጥም፤ እንፋሎቱም በቀዝቃዛው ቅርፊት ላይ ሲያርፍ ወደ ውሃነት እየተመለሰ ብዙ ሙቀት ይሰጣል። ውጤቱ በጥቂት እንቁላል ከተገኘው ጋር ተስማማ፤ ለፈረንጁ 14፣ ለሐበሻው 11 ደቂቃ። እንቁላሎቹ ስለማይንሳፈፉና ስለማይጋጩ የተሰነጠቀም አልነበረም። መላጡም እንደ ፈላ ውሃው ቀላል ነው።

በሐበሻው ላይ ሳለሁ መብራት ስለጠፋ ድስቱን ወደ ከሰል ምድጃ አዛወርሁት። ከሰሉ በደንብ ፍም ሆኖ ስለነበረ እንፋሎቱ ወዲያው ተመለሰና በዚያው ሰዓት ወጣ። ለዋዜማው ከሰል አስቀድሞ መያያዝ እንዳለበት ጽፌያለሁ።

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

የዛሬው ሥራ ማቀዝቀዝና መላጥ ነበር። ከእሳት የወረደ እንቁላል በውስጡ ባለው ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል፤ ጠረጴዛ ላይ የተተወው 14 ደቂቃ የበሰለ እንቁላል ሲቆረጥ የ17ቱን መስሎ ተገኘ። የዚህ ወቅት የቧንቧ ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ በረዶ ባይኖርም ሁለት ሦስት ጊዜ እየቀየሩ ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ነገር ግን እንቁላሉ ሲቀዘቅዝ በቀዳዳዎቹ ውሃ ወደ ውስጥ ስለሚስብ ውሃው ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ መሆን አለበት። ዐሥር ደቂቃ በቂ ነው።

ሲላጥ መጀመሪያ ሰፊውን ጫፍ በጠረጴዛ ጠርዝ መታ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የአየሩ ክፍተት እዚያ ስለሆነ ጣት ነጩን ሳይነካ ከሽፋኑ ሥር መግባት የሚችለው በዚያ ብቻ ነው። ከዚያ እንቁላሉን በመዳፍ ሥር ቀስ አድርጎ ማንከባለል ቅርፊቱን መረብ አስመስሎ ይሰነጥቀዋል። ቀጥሎ ውሃ ውስጥ እንዳለ በአውራ ጣት ሽፋኑን ፈልጎ መግፋት ነው። ውሃው በሽፋኑና በነጩ መካከል ሲገባ የሚታየው መላቀቅ ደስ ያሰኛል፤ ቅርፊቱ በጥምዝምዝ መልክ ተያይዞ ይወጣል።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ከበዓሉ በፊት የመጨረሻው ፈተና በወጥ ውስጥ ነው። ትንሽ ቁሌት ሠርተን ሁለት ዓይነት የሐበሻ እንቁላል ጨመርንበት፤ አንደኛው በእንፋሎት 11 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 9 ደቂቃ ተኩል የቆየ ነው። ወጡ ከእሳት ወርዶ ተከድኖ ነበር፤ ወፍራም ስለሆነና ቅቤው ከላይ ስለሸፈነው ሙቀቱን ለረጅም ጊዜ አልለቀቀም።

በነጋታው ሊበላ ለታሰበ ወጥ ትክክለኛው ሁለተኛው ነው። 11 ደቂቃ የቆየው በቁሌቱ ሙቀት አልፎ ደርቋል፤ ቀለበትም አውጥቷል። 9 ተኩል የቆየው ግን ርጥብ መሐሉ ወጡ ውስጥ ጸንቶ፣ ምንም ቀለበት ሳይኖረው ተገኘ። ይህን ልዩነት በጣም አስፈላጊ አድርጌ እይዘዋለሁ፤ ብዙ ቤት የሚቀርበው የዶሮ ወጥ እንቁላል የሚደርቀው በመጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ተቀቅሎ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከወጡ ጋር በመንተክተኩ ነው።

እናቴ የተላጠውን እንቁላል በቢላ ጫፍ በቁመቱ በአራት ቦታ ሰንጠቅ አደረገችው። ስንጥቁ ከነጩ ውፍረት ግማሽ ማለፍ የለበትም፤ አስኳሉ ላይ ከደረሰ ወጡ ይደፈርሳል። ሲቆረጥ ቀዩ የቁሌት መስመር በነጩ ውስጥ ገብቶ ይታያል፤ ጨውና መከለሻውም ይቀመሳል። ያልተሰነጠቀው ላይ ላዩን ብቻ ነው የቀላው።

ጳጉሜን 5፣ ረቡዕ፣ ዋዜማ

ከሰሉ ከማለዳ ጀምሮ ተያይዟል፤ መብራቱ ግን አልጠፋም። ባለፈው ሳምንት ተገዝተው ያረፉትን የሐበሻ እንቁላሎች በሚዛን ለይቼ፣ ከ40 እስከ 44 ግራም ከሆኑት 14 መረጥሁ፤ 12ቱ ለወጥ፣ ሁለቱ አንዱ ቢሰነጠቅ ለምትክ። ሊገቡ ሲሉ ታጠቡ፤ በእንፋሎት 9 ደቂቃ ተኩል ቆዩ፤ ወዲያው ወደ በረዶ ውሃ ገቡ። የተሰነጠቀ የለም፤ ሁሉም ሙሉ ሆነው ተላጡ።

እናቴ የዶሮው ብልቶች በስለው፣ መከለሻው ገብቶ፣ ወጡ ከእሳት ከወረደ በኋላ አንድ በአንድ አስገባቻቸው፤ በጭልፋ ሳታማስል ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ አዞረችው። ወጡ ለብ ሲል በሁለት ትናንሽ ድስት ተከፍሎ ፍሪጅ ገባ። አንድም ሰው አልቀመሰም።

ለቁርስ የሚሆኑ ሌሎች የሐበሻ እንቁላሎችም 11 ደቂቃ ተቀቅለው ከነቅርፊታቸው ፍሪጅ ተቀምጠዋል።

መስከረም 1፣ ሐሙስ

ወጡ ጠዋት በቀስታ ሞቆ ቀረበ። የመጀመሪያውን እንቁላል በእንጀራው ላይ የከፈለችው እናቴ ናት፤ አስኳሉ ጽኑ፣ ቢጫነቱ ብሩህ፣ ዳሩ ንጹሕ ነበር፤ በአራቱም ስንጥቅ ቁሌቱ ገብቷል። ከቀረቡት ውስጥ ሳይበስል የቀረም የደረቀም አልተገኘም። እማማ ከግቢያቸው መጥተው አብረውን በልተዋል፤ ሰዓቱንም ጠይቀውኝ ነገርኋቸው። እርሳቸው የሚቀቅሉት በከሰል፣ በትንሽ ድስት ስለሆነ በሚቀጥለው ሳምንት በእርሳቸው ምድጃ ላይ አብረን እንለካለን።

መስከረም 3፣ ቅዳሜ

ትናንት ዓርብ በመሆኑ የተረፈው ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ ቆይቶ ነበር። ከነቅርፊቱ የተቀመጠ ቅቅል በፍሪጅ እስከ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ ከፍሪጅ ውጭ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ መተው የለበትም፤ የተላጠውም ቶሎ መበላት ይኖርበታል። ዛሬ ጠዋት የቁርሱ እንቁላሎች በቃሪያ፣ በቲማቲምና በጥቂት ዘይት ተበልተዋል። ቅርፊታቸው ከቀዘቀዘ በኋላ ከዋዜማው ትኩሶቹ ይልቅ ጥቂት ጠንክሮ ነበር የተላጠው፤ ስለዚህ ለማስቀመጥ የሚቀቀለውን በዚያው ቀን ሰንጠቅ አድርጎ በበረዶው ውሃ ውስጥ ማቆየትና ሳይላጥ በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ ይሻል እንደሆነ ለማየት፣ ዛሬ ማታ ሁለቱንም ዓይነት ፍሪጅ አስገብቼ ሰኞ እላጣቸዋለሁ።